የእንሽላሊቱ መርዶ

ካርቶን ማሸግ ሥራዬ ነው። እዚህ በሰው አገር፣ ኮሜርስ ሲቲ ከተማ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። እኔ በቴፕ ያሸግኩት ካርቶን ከአውሮፕላን ቢወረወር አይከፈትም እያሉ ባልደረቦቼ ያሾፉብኛል። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የጫማ ካርቶን አለ፤ ያሸግኩትም እኔ ነኝ። ምነው ያን ዕለት እጄ ሰነፍ በሆነ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ነገሩ የሆነው ከስድስት ዓመት በፊት በፌብሩዋሪ፣ ሰኞው በዓል በሆነበት የሳምንት መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይተን ነበር የምንኖረው፤ እኔ፣ ባለቤቴ ትዕግስትና አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጃችን ሶልያና፣ በቤት ስሟ ሶሊ። ትዕግስት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ብዙ ጊዜ ቅዳሜም ትገባለች። እኔ ደግሞ ቱግ ባይ ነኝ። ቤቴ ውስጥ የመጨረሻውን ቃል እኔ ካልተናገርኩ የበላሁት የማይረጋልኝ ሰው ነበርኩ። ነበርኩ ማለቴ ለአፍ ያህል ነው።

አራተኛው የቤተሰባችን አባል ጎመን ይባላል። ጎመን እንሽላሊት ነው። እዚህ አገር ቢርድድ ድራገን ይሉታል፤ ባለ ጺሙ ዘንዶ እንደ ማለት ነው። ዘንዶ ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ጅራቱን ጨምሮ አንድ ክንድ የሚሆን፣ መልኩ አሸዋ የመሰለ፣ አገጩ ሥር እሾህ እሾህ የሚል ቆዳ ያለው ፍጥረት ነው። ሲቆጣ ወይም ሲፈራ ያ እሾሃም ጺሙ ይነፋና ከሰል ይመስላል። ሶሊ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ የክፍል ጓደኛዋ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወሩ ከነመስታወት ቤቱ ትተውላት ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን ከእጇ ላይ የበላው ጎመን ስለነበረ ስሙም በዚያው ጸና።

የሚደረግለትን እንክብካቤ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ከአናቱ በላይ ሁለት መብራት አለው፤ አንዱ የሚያሞቀው፣ ሌላው የፀሐይን ቦታ የሚተካ። ጠዋት ይበራሉ፣ ሲመሽ ይጠፋሉ። ጎመንና ዱባ በደቃቁ ይከተፍለታል። በሳምንት ሁለት ቀን በረሮ ይበላል። አዎ፣ በረሮ፤ ከሱቅ የሚገዛ፣ ነጭ የካልሲየም ዱቄት የተነሰነሰበት። በረሮ በጫማ እየጨፈለቅኩ ያደግኩ ሰው፣ እዚህ መጥቼ ለበረሮ ቀለብ ካሮት ስፍቅ ተገኘሁ። ሶሊ በየእሁዱ በኩሽና ሚዛን ትመዝነዋለች፣ ለብ ባለ ውሃ ታጥበዋለች፣ ጥፍሩን ትሞርድለታለች። ከእኔ ጋር በቀን አሥር ቃል አትነጋገርም፤ ከእሱ ጋር ሰዓት ሙሉ ታወራለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ይታለፍ ነበር። የእኔ ቂም ሌላ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እናቴ ሐዋሳ ላይ አረፈች። እንደ ወጉ ተደበቀብኝ። ወንድሜ በስልክ፣ ደህና ናት፣ ተኝታለች፣ ሐኪም ዕረፍት አዞላት ነው እያለ ስምንት ቀን አታለለኝ። ስምንት ቀን ሙሉ ሥራ ሄድኩ፣ ሳቅሁ፣ እግር ኳስ አየሁ። በዘጠነኛው ቀን ገና ሳይነጋ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ መኮንን አምስት ሰው አስከትለው በራችንን አንኳኩ። ስከፍትላቸው ሁሉም ወደ መሬት ነበር የሚያዩት። ትዕግስት ታውቅ ነበር። ስምንቱን ሌሊት ከጎኔ እየተኛች ታውቅ ነበር። በለቅሶዬ መካከል፣ እኔ ይህን በሰው ላይ አላደርግም ብዬ ማልኩ።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ ሶሊ የበረሮውን ሳጥን ይዛ በእንግዶቹ መሀል አልፋ ወደ ክፍሏ ገባች። ጋሽ መኮንን አዩአትና፣ ይህቺ ልጅ አያቷ ማረፋቸውን አልነገራችኋትም እንዴ አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እውነትም ልጄ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም ነበር። በስልክ ብቻ የምታውቃት አያት ናት፤ ምን ብላ ታልቅስ? ዛሬ ይገባኛል። ያን ዕለት ግን አልገባኝም፤ አፍሬ መግቢያ ነበር ያጣሁት። ልጅን መጥላት አይቻልም። እንሽላሊቱን ጠላሁት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የቤተ ክርስቲያኑ ልጆች ተራራ ላይ ባለ ካምፕ ከዓርብ እስከ ሰኞ ሊቆዩ ነበርና ዓርብ ቀትር ላይ ሶሊን ወደ አውቶቡሱ አደረስኳት። መኪናውን ፓርክ ሳደርግ በቀለም በቀለም የተጻፈ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ፊቱ ላይ መብራቱ የሚበራበት ሰዓት፣ የጎመኑ አከታተፍ፣ የውሃው መጠን በእንግሊዝኛ ተዘርዝሯል።

"አባዬ፣ ጀርባውንም አንብበው" አለችኝ። "ጀርባው ነው ኢምፖርታንት።"

"እሺ።"

"ፕሮሚስ?"

"አነባለሁ አልኩሽ እኮ። ውረጂ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው።"

ወርዳ እንደገና በመስኮቱ ብቅ አለች። ስልካቸው እንደሚሰበሰብ፣ ቅዳሜ ከእራት በፊት አምስት አምስት ደቂቃ ብቻ እንደሚፈቀድላቸው ነገረችኝ። ስደውል ስለ እሱ እጠይቅሃለሁ አለች። ስለ እኔ እንደማትጠይቅ ገብቶኝ ቅር አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ትዕግስት ሥራ ገብታ ነበር። ውጭው በረዶ ነው። መብራቶቹን አበራሁ፣ ጎመን ከተፍኩ፣ ወረቀቱ እንዳዘዘው በትንሿ ሳህን አስቀመጥኩለት። ብቅ አላለም። መስታወቱን ባንኳኳ መልስ የለም። ግማሽ ግንድ የመሰለ መደበቂያ አለው፤ እሱን ባነሳው ሥሩ ተለጥፎ ተኝቷል። ዓይኑ ተከድኗል። ሆዱ ሲነፋ ሲሰበሰብ አይታይም። የምድጃ ጓንት አጥልቄ አወጣሁትና ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እንደ እርጥብ ጨርቅ ልምሾ ሆኖ ቀረ። ከሶሊ እርሳሶች አንዱን አንስቼ በላጲሱ በኩል የኋላ እግሩን አንዴ ነካሁት። ሁለተኛ አልነካሁትም።

ለትዕግስት ደወልኩ።

"ሞቷል" አልኳት።

ከኋላዋ አንዲት አሮጊት ነርስ፣ ነርስ እያሉ ሲጣሩ ይሰማል።

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ከዚያ በኋላ ትዕግስት ፈጣን ናት። በሥራዋ ሞት ታውቃለች፤ ሞት ሲመጣ የሚደረገውንም ታውቃለች። በማግሥቱ ከአምልኮ በኋላ የቤት ኅብረት ጸሎቱ ተራ የእኛ ነበር፤ ሃያ ሰው ይመጣል። በድን ቤት ውስጥ አያድርም፣ ዛሬውኑ አውጣው አለችኝ። ስለ ሶሊም እዚያው ወሰነች። ካምፑን እንዳላበላሽባት፣ ብትደውል ደህና ነው እንድላት፣ ስትመጣ በወጉ እንደሚነገራት አስጠነቀቀችኝ።

በወጉ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። መሐላዬ ትዝ አለኝ። ግን እኮ የማልኩት ሰው ሲሞት ነው፣ ይሄ እንሽላሊት ነው አልኩ ለራሴ። ሰው የገዛ መሐላውን ማፍረስ ሲፈልግ ጠበቃ አያጣም።

የሶሊን የስኒከር ካርቶን አገኘሁ። እንሽላሊቱን በወረቀት ፎጣ ጠቅልዬ፣ ራሱን ወደ ቀኝ አድርጌ መሀል ላይ አስተኛሁትና ክዳኑን ገጠምኩ። እጄ ልማዱን ያዘ፤ ርዝመቱን አንድ ጊዜ፣ ወርዱን ሁለት ጊዜ፣ ማዕዘኖቹን በመስቀለኛ። ቴፑን በጥርሴ ቆረጥኩ። እውነቱን ልናገር፤ አላዘንኩም። እንዲያውም እያፏጨሁ ነበር ያሸግኩት። ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ትልቅ የቆሻሻ ገንዳ ወርጄ ወረወርኩት። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ተመልሼ የሶሊን ክፍል መብራቶች አጠፋሁ፤ ያቺ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌላው ቤት ቀዘቀዘች። ከዚያ ሶፋ ላይ ተጋድሜ እግር ኳስ አየሁ።

ፀሐይ ወደ ተራራዎቹ ስታዘነብል ስልኩ ጮኸ።

"አባዬ፣ ጎመን እንዴት ነው?"

አፌ ላይ የመጣው የወንድሜ ቃል ነው። "ደህና ነው። ተኝቷል።"

"ኦ ግሬት" አለች። ድምፅዋ ፍንድቅ ሲል ይሰማኛል። "ስታርት አድርጓል ማለት ነው። እንዳትቀሰቅሰው፣ ኦኬ?"

የልጅ ወሬ መሰለኝ። "እስከ መቼ ነው የሚተኛው?" አልኳት፣ ለመቀለድ ያህል።

"ሜይቢ እስከ ማርች። ብሩሜሽን ነው፣ አባዬ። ዊንተር ላይ እንደዚህ ይተኛሉ፣ የሞቱ ነው የሚመስሉት። ጀርባው ላይ ጽፌልሃለሁ እኮ። አንብበኸዋል አይደል?"

"አንብቤዋለሁ።"

"ላቭ ዩ" ብላ ስልኩን ለሚቀጥለው ልጅ አስረከበች። እንደዚያ ካለችኝ ወራት አልፈው ነበር።

ጃኬቴን ከተሰቀለበት አወረድኩ። ወረቀቱን አውጥቼ ገለበጥኩት። ብርዱ ሲጠነክር ለሳምንታት ሊተኛ እንደሚችል፣ ያን ጊዜ ምግብ እንደማይፈልግ፣ ሰውነቱ እንደሚለሰልስ፣ ትንፋሹም በዓይን እንደማይታይ ጽፋለች። የመጨረሻውን መስመር በቀይ አስምራበታለች። ከፈራህ የኋላ እግሩን ቀስ ብለህ ንካው፣ ትንሽ ሰብሰብ ካደረገው በሕይወት አለ ማለት ነው ይላል። ያን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ደረጃውን በነጠላ ጫማ ነው የወረድኩት። በበዓሉ ምክንያት የቆሻሻ መኪናው እስከ ማክሰኞ አይመጣም፤ ሰውም ቅዳሜውን ቤቱን ሲያጸዳ ስለዋለ ገንዳው ሞልቷል። ጠርዙን ይዤ ዘልዬ ገባሁ። የሕፃን ዳይፐር፣ የፒዛ ካርቶን፣ የተሰበረ ወንበር፣ ያገኘሁትን ሁሉ ወደ ውጭ መወርወር ያዝኩ። አንድ ጎረቤት ከነከረጢቱ መጥቶ ቆሞ አየኝና ምን እንደጠፋብኝ ጠየቀኝ። የልጄ ጫማ አልኩት። በዚያች ደቂቃ እንኳ ዋሸሁ። ሰውየው አዝኖልኝ ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ካርቶኑ ታች ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነው የዋለው። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ድምፅ የለም። ቴፑን በጥፍሬ ልልጠው ብሞክር የራሴ እጅ ሥራ አላስገባም አለኝ። በጥርሴም ሞከርኩ። በመጨረሻ የቤቱን ቁልፍ አውጥቼ ክዳኑን ስተለትል ጣቶቼ ደነዘዙ። የተመሰገንኩበት ሥራ ነው።

ክዳኑ ሲነሳ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የወረቀት ፎጣው ተቦጫጭቆ ወደ አንድ ወገን ተገፍቷል። መሀል ላይ ያስተኛሁት እንሽላሊት ዞሮ፣ የግራውን ማዕዘን በፊት እግሮቹ ታቅፎ፣ አፍንጫውን ክዳኑ የሚገጥምበት ስንጥቅ ውስጥ ወትፎ ቀርቷል። የካርቶኑ ግድግዳ እዚያ ቦታ ላይ በጥፍር ተፍቆ ተፍቆ ሳስቷል። ሊበሳ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ከውጭ መስቀለኛው ቴፕ ያዘው። ዓይኑ ተከፍቷል። ጠዋት አሸዋ የሚመስለው ጺሙ ከሰል ሆኗል።

ሸሚዜን ከፍቼ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። እንደ በረዶ ነው። ሮጬ ወጥቼ የሶሊ ክፍል ወለል ላይ፣ የሚያሞቀውን መብራት አብርቼ ከሥሩ ተቀመጥኩ። ጀርባውን አሻሸሁ። በአፍንጫው ተነፈስኩበት። ከልጄ ጋር እንኳ እንደዚያ ተቃቅፌ አላውቅም። አንዳንዴ የተንቀሳቀሰ ይመስለኛል፤ የራሴ ልብ ትርታ ነው።

ትዕግስት ስትገባ በዚያው ሁኔታ አገኘችኝ። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ገንዳው ነገርኳት። ካፖርቷን ሳታወልቅ ተንበርክካ ሁለት ጣቷን አገጩ ሥር አስገብታ ረጅም ጊዜ ያዘች፤ መጦሪያው ውስጥ ላሉት አረጋውያን እንደምታደርገው።

"አሁን ሞቷል" አለች።

አሁን የምትለዋን ቃል ባትጨምርበት ኖሮ ደስ ባለኝ።

ተኝቶ ሳለ እንደሞተ እንነግራታለን፣ ከሁለታችን ሌላ የሚያውቅ የለም አለች። እኔ አልችልም አልኳት። ተነስታ ካፖርቷን እያወለቀች፣ ፊቷን ሳታዞር መለሰችልኝ።

"ትችላለህ። የእናትህን ስምንት ቀን እኔ ችዬዋለሁ።"

እግሮቹን አቃንተን፣ ዓይኑን ከድነን፣ በንጹሕ ካርቶን በረንዳው ላይ በብርዱ አኖርነው። የመስታወት ቤቱን በብርድ ልብስ ሸፈንን። እሁድ ኅብረቱ መጣ። ጋሽ መኮንን ካምፕ ለሄዱት ልጆች ጸለዩ፤ ጌታ ሆይ፣ በእጃችን የሰጠኸንን ታናናሾች አደራ እንድንጠብቅ እርዳን አሉ። እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ አሜን አልኩ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሶሊ ጉንጯ በተራራ ፀሐይ ቀልቶ እየሳቀች ገባች። በሩ ላይ ልነግራት ነበር። ትዕግስት ክንዴን ያዘችኝ። መርዶ ምሽት ላይ አይነገርም፣ ሲነጋ ነው የሚነገረው አለችኝ። ሶሊ የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ግንዱን አየች፤ ሥሩን ግን አልነካችም። ሸፍናችሁለት ነው፣ ጥሩ፣ ይተኛ አለች በሹክሹክታ።

እንግዲህ ከሁሉም የማይረሳኝ ያ ምሽት ነው። ልጄ እስክትተኛ ድረስ በጫፍ እግሯ ሄደች። በር ስትዘጋ በሁለት እጇ ይዛ ነው። እኔ ቴሌቪዥኑን ከፍ ሳደርገው መጥታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ "አባዬ፣ ፕሊስ" አለችኝ። እኔም ቀነስኩ። ለባዶ ሣጥን ድምፅ ቀነስኩ። ስትተኛ በእንግሊዝኛ ደህና እደር ስትለው በግድግዳው በኩል ሰማኋት። ትዕግስት ትራሷን ፊቷ ላይ አድርጋ ነበር።

ማክሰኞ ሳይነጋ ትዕግስት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቀሰቀሰችኝ። አንዳችን በራስጌ፣ አንዳችን በግርጌ አልጋዋ ላይ ተቀመጥን። ሶሊ ዓይኗን ስትከፍት እኛን አየች፣ ነጠላውን አየች፣ መስኮቱ ገና ጨለማ መሆኑን አየች።

"ማን ሞተ?" አለች። አማርኛዋ እንደዚያ ጥርት ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

ትዕግስት ነገረቻት። ተኝቶ ሳለ ነው፣ ምንም አልተሰማውም አለቻት። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ሶሊ ወዲያው አላለቀሰችም። ተነስታ ተቀመጠችና በጣቷ ቀን መቁጠር ያዘች።

"ሐሙስ በረሮ ሰጥቼዋለሁ" አለች። "ሊተኛ ሲል ከበላ ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል። አውቅ ነበር፤ ግን ቀጭን መሰለኝና ሰጠሁት። እኔ ነኝ የገደልኩት። አይ ኪልድ ሂም።"

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። ለአያቷ ያላፈሰሰችውን ሁሉ አፈሰሰችው። አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ አንድ አባት ማድረግ የሚገባውን እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ጀርባዋን ደባበስኩ። "አይዞሽ፣ ባለማወቅ ነው" አልኳት።

ሳልቀብረው ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። ትዕግስት ባታይው ይሻላል ብላ ተለማመጠቻት፤ አልሆነም። ካርቶኑን ከበረንዳው አመጣሁ። እንሽላሊቱን አውጥታ ጭኗ ላይ አስተኛችው። ሦስት ዓመት በየእሁዱ የመዘነችውና ያጠበችው ገላ ነው፤ እኛ ያቃናነው እግር አላታለላትም። የፊት እግሩን አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋች። አንዱ ጥፍር ከሥሩ ተነቅሏል። ከሌላው ጥፍር ሥር ቡናማ ነገር ነቅላ በጣቶቿ አሸችው።

"ካርድቦርድ ነው" አለች። ጺሙን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። "ነቅቶ ነበር። ፈርቶ ነበር።"

ቀና ብላ አየችኝ።

"ዳድ፣ የት ነበር?"

አባዬ አላለችኝም።

"ካርቶን ውስጥ" አልኩ።

"ካርቶኑ የት ነበር?"

"ውጭ።"

"ውጭ የት?"

ትዕግስት ልጄ ብላ ስትጀምር ሶሊ ሳትዞር እጇን ዘርግታ አስቆመቻት።

"ገንዳው ውስጥ" አልኩ። "የሞተ መስሎኝ ነው። ወረቀቱን ያነበብኩት ከደወልሽ በኋላ ነው።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ጩኸት የለመድኩት ነገር ነው፣ መልስ አላጣለትም ነበር። እሷ ግን የጠየቀችኝ ቀስ ብላ ነው።

"ስታስገባው ነክተኸው ነበር?"

"በእርሳስ።"

"እግሩን?"

"እግሩን።"

"ተንቀሳቀሰ?"

"አልተንቀሳቀሰም" አልኩ።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። "ኦኬ" አለች። መሬቱ በረዶ ስለነበር እሷና እናቷ ሙቅ ውሃ እያፈሰሱ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆፍረው ቀበሩት። እኔ አልተጠራሁም።

ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ። ሶልያና አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። በልደቴ ቀን ስጦታ ትልክልኛለች። ባለፈው መኸር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከቤት ስትወጣ፣ መስኮቷ ላይ የነበረችውን አንዲት አበባ እንኳ ለጎረቤት ሰጥታ ነው የሄደችው። ውሃ የማጠጣላት እኔ እያለሁ ነው፤ ከሥራ መልስ ቤት ነው የምውለው። አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ካቻምና የትዕግስት አባት አረፉ። የትዕግስት ወንድም ለሶሊ ደውሎ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ሽማግሌዎች መጥተው ያረዷታል አላት። መጀመሪያ የጠየቀችው፣ ሁለት ጊዜ አረጋግጣችኋል ወይ ብላ ነው። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ወጥ ቤት ገብታ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ የነበረችውን እናቷን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ አቅፋ፣ እዚያው ነገረቻት። ጋሽ መኮንን፣ ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደጋችሁት ብለው ተቀየሙ። ትዕግስት ግን በሕይወቷ እንደዚያ በክብር ተረድታ እንደማታውቅ ነግራኛለች። ለመርዶ የሚሄድ ሰው ሲፈለግ ዛሬም ይጠሩኛል። አልሄድም። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ጀርባዬን ያመኛል እላለሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። በእርሳሱ አንዴ ነካሁት፣ ሁለተኛ አልነካሁትም ብያችሁ ነበር። ለምን እንዳልነካሁት አልነገርኳችሁም። መጀመሪያ ስነካው እግሩን ሰብሰብ አደረገው። ብዙ አይደለም፤ የስንዴ ፍሬ ያህል ነው። ግን አየሁት። ለዚያ ወረቀት ማንበብ አያስፈልግም፤ የሞተ ነገር እግሩን እንደማይሰበስብ ማንም ያውቃል። እንደገና ብነካው እንደገና ሊሰበስበው ነው። ስለዚህ እርሳሱን አስቀምጬ ስልኩን አነሳሁና ሞቷል አልኩ። ትዕግስት ይህን አታውቅም።

ሶልያና አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ለምን እንደሆነ ከእናንተ አይሰወርም። ባለፈው እሁድ ይኸንኑ ስጽፍ ስልኬ ጮኸ፤ እሷ ነበረች። ምን እያደረግህ ነበር አለችኝ።

ተኝቼ ነበር አልኳት።